ዴካ የሰማውን ሰምቷል፦ ስለ ቢትልስ የመጀመሪያ ቀረጻዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቢትልስ የመጀመሪያ ቀረጻዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሙዚቃ ወዳጆች መካከል እጅ በእጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። በፍቅር የተጻፈ ጽሑፍ ነው። እኔም እነዚህን የሊቨርፑል ልጆች ከልጅነቴ ጀምሮ የምወድ ሰው ነኝና በጉጉት አነበብኩት፤ ጨርሼ ሳስቀምጠው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ቢትልስ በ1958 ባስቀረጹት ሸክላም፣ በ1961 በጀርመኗ ሀምቡርግ በሠሩትም፣ በ1962 መጀመሪያ በዴካ የሸክላ ኩባንያ በተፈተኑበትም ቀን ያው በኋላ ዓለም ያወቃቸው ቢትልስ ነበሩ። ያልሰማቸው ጆሮ የሌለው ብቻ ነው። ደካማ ነገር ከተገኘም ጥፋቱ የድራመሩ የፒት ቤስት ነው። ስለዚህ እነዚህ ቀረጻዎች በአዲስ ቴክኖሎጂ ታጥበውና ተኩለው ከታላላቆቹ አልበሞች ጎን ይቀመጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ቀረጻዎቹ ተራ ናቸው እላለሁ። ይህን የምለው ለማንቋሸሽ አይደለም። ደጋግሜ እሰማቸዋለሁ፤ ወደፊትም እሰማቸዋለሁ። ነገር ግን ተራውን ነገር ድንቅ ነው ብለን ስንሰብክ፣ እነዚያ ልጆች ከተራነት ለመውጣት ያፈሰሱትን ላብ እየካድን ነው። ክርክሬ እዚህ ላይ ነውና ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

ጸሐፊው ከዴካ ስለጀመሩ እኔም ከዚያው ልጀምር። የ1961 የመጨረሻ ቀን ላይ ኒል አስፒናል የተባለው ባልደረባቸው አራቱን ልጆችና መሣሪያዎቻቸውን በቫን ጭኖ ከሊቨርፑል ወደ ለንደን ተነሣ። በረዶ ይጥል ነበር፤ መንገድ ሳቱ፤ ጉዞው አሥር ሰዓት ያህል ፈጀ። በማግስቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ዌስት ሃምፕስቴድ በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ቀረቡ። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ያኔ በእንግሊዝ የሥራ ቀን ነበር። ይዘዋቸው የመጡት አምፕሊፋየሮች ለቀረጻ አይበቁም ተብለው በስቱዲዮው ዕቃ እንዲጫወቱ ተደረገ። 15 ዘፈኖች ቀረጹ። ከሳምንታት ጥበቃ በኋላ የመጣው መልስ «አንፈልጋችሁም» የሚል ሆነ።

«ጆሮ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ያልፈዋል?» ይላሉ ጸሐፊው። መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሳቸው የሰሙት ቀረጻውን ነው ወይስ ስሙን? «ቢትልስ» የሚለው ቃል ከጆሮአችን በፊት ይደርሳል። ስሙን እንርሳና «ቲል ዜር ዎዝ ዩ»ን ብቻ እንስማ። ከአንድ የብሮድዌይ የሙዚቃ ድራማ የተወሰደ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነው። በዴካው ቀረጻ ላይ የፖል ማካርትኒ ድምፅ ጉሮሮው ላይ ተይዞ ይሰማል። እያንዳንዱን ቃል፣ መምህር ፊት ቆሞ እንደሚያነብ ተማሪ፣ ጥርት አድርጎ ለማውጣት ይጨነቃል፤ ረዘም ያለ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጆርጅ ሃሪሰን የጊታር ተራው ሲደርስ ያጠናውን ኖታ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ስሕተት የለበትም፣ ሕይወትም የለበትም። ድራሙ ከኋላ ያንኑ ምት ይዞ ይከተላል፤ አይገፋቸውም፣ አይዛቸውም።

አሁን ደግሞ ያንኑ ዘፈን በጁላይ 1963 ለሁለተኛው አልበማቸው እንደገና ሲቀርጹት እንስማ። ሃሪሰን የናይለን ክር ያለው ጊታር ይዟል። ቤስትን የተካው ሪንጎ ስታር የድራም በትሩን አስቀምጦ ቦንጎ በጣቶቹ ይመታል። ማካርትኒ ያንኑ ግጥም፣ አጠገቡ ለተቀመጠች አንዲት ሰው እንደሚያጫውት፣ ሳይቸኩል ያዜመዋል። ሃሪሰንም ያን የጊታር ክፍል ሲጫወተው ጣቶቹ የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን መታጠፊያ ሲያዞራት ደስ ትላለች። ዘፈኑ ያው ነው፤ ድምፃዊው ያው ነው፤ ጊታሪስቱ ያው ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ተኩል ነው።

በ«መኒ»ም እንዲሁ ነው። በዴካው ቀረጻ ጆን ሌኖን ዘፈኑን በጥድፊያ ይወጣዋል፤ ጩኸቱ ቀጭን ነው። በ1963ቱ ቀረጻ ፒያኖው መጀመሪያ ላይ በር እንደሚደበድብ ሰው ሲገባ፣ ሌኖንም ከሥሩ ተነሥቶ ሲያስተጋባ፣ ሰውየው ገንዘቡን ካላገኘ ከበሩ እንደማይነሣ ታምናለህ። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የመጀመሪያውን «ያው ቢትልስ ነው» ሊለኝ አይችልም።

የተቀሩትም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። ሃሪሰን «ዘ ሺክ ኦቭ አረቢ» የሚለውን የ1920ዎቹን ያረጀ ዘፈን በቀልድ ይዘፍናል፤ ጓደኞቹ በመሐል እየገቡ ያስቃሉ፤ ቢያንስ ሊያስቁ ይሞክራሉ። «ቤሳሜ ሙቾ» አለ፤ «ሴፕቴምበር ኢን ዘ ሬይን» አለ። ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ልጆቹ ሁሉን ነገር መጫወት እንደሚችሉ ለማሳየት ብሎ የመረጣቸው ናቸው። ሁሉን ለማሳየት የሮጠ ማንነቱን ሳያሳይ ይቀራል፤ ስቱዲዮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይህ ባንድ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ከ15ቱ ዘፈኖች መልስ አያገኝም ነበር።

«ግን የራሳቸው ድርሰቶች ነበሩበት» ይላሉ ጸሐፊው። እውነት ነው፤ ሦስት ነበሩ፦ «ሄሎ ሊትል ገርል»፣ «ላይክ ድሪመርስ ዱ» እና «ላቭ ኦቭ ዘ ላቭድ»። የሦስቱን ዕጣ ፈንታ ግን ጸሐፊው አላነሡም። ቢትልስ ዝነኛ ከሆኑ በኋላ፣ ስማቸው የተለጠፈበት ነገር ሁሉ እንደ ትኩስ ዳቦ በሚሸጥበት በ1963 እና በ1964፣ ሦስቱንም ለሌሎች ሰጧቸው። የመጀመሪያው ለፎርሞስት ባንድ፣ ሁለተኛው ለአፕልጃክስ ባንድ፣ ሦስተኛው ለድምፃዊቷ ሲላ ብላክ ደረሰ። በዚያ ዘመን ባወጧቸው በራሳቸው አልበሞች ላይ አንዳቸውንም አላስገቡም። እነዚህ ዘፈኖች ተራ ናቸው ብዬ ስፈርድ እኔ የመጀመሪያው ፈራጅ አይደለሁም፤ ደራሲዎቹ ቀድመውኛል።

ሌላም አለ። ኤፕስታይን የዴካውን ቀረጻ ይዞ ሌሎች ኩባንያዎችንም አንኳኳ፤ እነርሱም አልተቀበሉትም። በመጨረሻ በኤኢኤምአይ ኩባንያ ሥር የነበረው የፓርሎፎን ሸክላ አዘጋጅ ጆርጅ ማርቲን፣ ያ በኋላ ስሙ ከስማቸው ጋር የተጣበቀው ሰው፣ ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ብዙም አልተደነቀም። ታዲያ እርሱም ጆሮ አልነበረውም ልንል ነው? የማርቲን ጆሮ ዴካ የሰማውን ሰምቷል። ልዩነቱ ማርቲን ልጆቹን ስቱዲዮ ድረስ ጠርቶ በዓይኑ ማየቱና ከእነርሱ ጋር ለመሥራት መቀመጡ ነው።

ስለ ዴካ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ቀን የተፈተነ ሌላ ባንድ ነበር፤ ብራያን ፑልና ትሬመሎስ ይባላሉ። ዴካ ለለንደን የሚቀርቡትን እነርሱን መረጠ። ጸሐፊው ስማቸውን በንቀት ነው ያነሡት። እነዚህ ሰዎች በ1963 መገባደጃ «ዱ ዩ ላቭ ሚ» በሚለው ዘፈናቸው የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነው መሩ። ዴካ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። በዚያ ጠዋት የተሻለ የተጫወተውን ወሰዱ፤ የሰሙት የዚያን ጠዋት ድምፅ ነው እንጂ የ1967ን አይደለም።

«የጊታር ባንዶች ጊዜ አልፎበታል» የሚለውን ዝነኛ አባባል ጸሐፊው እንደ ማስረጃ አቅርበውታል። አባባሉ የመጣው ኤፕስታይን በ1964 ካሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነው፤ ተናገረው የተባለው የዴካው ኃላፊ ዲክ ሮው አላልኩም ብሎ ክዷል። ይኸው ሮው በ1963 ከሃሪሰን ጋር በአንድ ውድድር ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ሳለ፣ ሃሪሰን ሮሊንግ ስቶንስ የሚባሉ ልጆች አሉ ቢለው ሄዶ አስፈረማቸው። በጊታር ያላመነ ሰው ይህን አያደርግም። ከዚህ በላይ ጊዜ አላጠፋበትም።

ወደ 1958ቱ ሸክላ እንመለስ። ጸሐፊው ስለ እርሱ ሲጽፉ «የሌኖንና የማካርትኒ ጥምረት አስማት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ይሰማል» ብለዋል። እዚህ ላይ ፍቅራቸው ከእውነታው ቀድሟቸዋል። ባንዱ ያኔ ኳሪመን ይባል ነበር። ሌኖን 17፣ ማካርትኒ 16፣ ሃሪሰን 15 ዓመታቸው ነው፤ ፒያኖ ላይ ጆን ሎው፣ ድራም ላይ ኮሊን ሃንተን አሉ። ፐርሲ ፊሊፕስ የሚባል ሰው ሊቨርፑል ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ባዘጋጃት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ማይክሮፎን ሁለት ዘፈን ቀረጹ። አንዱ የአሜሪካዊው ድምፃዊ የበዲ ሆሊ «ዛትል ቢ ዘ ዴይ» ነው። ሁለተኛው «ኢን ስፓይት ኦቭ ኦል ዘ ዴንጀር» የራሳቸው ድርሰት ነው፤ ነገር ግን የተመዘገበው በማካርትኒና በሃሪሰን ስም ነው። ሌኖን ዘፈነው እንጂ ደራሲ አይደለም። የሌኖንና የማካርትኒ የድርሰት ጥምረት በዚያ ሸክላ ላይ የለም፤ የሌለውን መስማት ደግሞ አይቻልም።

ያለው ምንድን ነው? ሆሊን ለመምሰል የሚጥር የሌኖን ድምፅ አለ፤ ከጀርባው የተቀባዮቹ ድምፅ፣ ቅኝቱን ሊስት እየደረሰ የሚመለስ፣ አለ። ፒያኖውና ድራሙ ከሌላ ክፍል የመጡ ያህል ራቅ ብለው ይሰማሉ። ዕድሜያቸውን ለሚያውቅ ልብ የሚነካ ነው። እኔም ይነካኛል። ያን ዘመን ግን እንግሊዝ ውስጥ እንደዚህ የሚጫወቱ ልጆች በየሰፈሩ ነበሩ፤ ስኪፍል የሚባለው ቀላል ሙዚቃ ጊታር ያልያዘ ጎረምሳ አላስቀረም። ይህ ሸክላ የእነዚያ ሁሉ ልጆች ድምፅ ነው፤ የምወደውም ለዚሁ ነው።

የሀምቡርጉ ቀረጻ ላይ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸውና ይህን በግልጽ ልናገር። በጁን 1961 የጀርመኑ የሙዚቃ ሰው በርት ኬምፈርት በሀምቡርግ ሃርቡርግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቶኒ ሼሪዳን የተባለውን እንግሊዛዊ ድምፃዊ ሲቀርጽ፣ አጃቢዎቹ ቢትልስ ነበሩ። ሸክላው ጀርመን ውስጥ ሲወጣ ስማቸው «ቢት ብራዘርስ» ተብሎ ተጻፈ። ጸሐፊው ይህን እንደ ደባ አይተውታል። ተቀጥሮ የሚያጅብ ባንድ ግን ስሙን የመወሰን መብት የለውም፤ አጃቢነት የትም አገር እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ዘፈኖች የታዘዙትን ይጫወታሉ፤ «ማይ ቦኒ» በለስላሳ ጀምሮ ወደ ፈጣን ምት ይዘልላል፤ ጥሩ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ትክክል የሆኑት ስለ ማካርትኒ ቤዝ ጊታር በጻፉት ላይ ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ስቱዋርት ሳትክሊፍ ወደ ሥዕል ጥናቱ በማዘንበሉ ማካርትኒ ቤዙን ከተረከበ ገና ወራት ብቻ ሆነውታል፤ ሆኖም በ«ማይ ቦኒ» ላይ ጆሮ ሰጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው ቤዙ ይራመዳል፣ ይዘላል። ሌኖን ብቻውን የሚዘፍነው «ኤይንት ሺ ስዊት» ላይም ያ ሻካራ ድምፁ ብቅ ማለት ይጀምራል። ዘሩ ተዘርቷል ቢሉኝ እስማማለሁ። ጸሐፊው ግን አዝመራው ተሰብስቧል ነው የሚሉት።

ይልቅ ስለዚህ ሸክላ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ኤፕስታይን ራሱ እንደተረከው በኦክቶበር 1961 አንድ ወጣት ሊቨርፑል ወደሚገኘው የሙዚቃ መደብሩ ገብቶ «ማይ ቦኒ»ን ጠየቀው፤ የልጆቹን ስም ልብ ያለውም በዚህ የተነሣ ነው። በኖቬምበር 9 ካቨርን ወደሚባለው ምድር ቤት ክበብ ወርዶ አያቸው። ልቡን የሰረቀው በዚያ ጠባብ፣ ላብ በሞላበት ምድር ቤት ያየው ነው እንጂ ሸክላው አይደለም። መድረክ ላይ የነበረው እሳት ሸክላው ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ጠንካራ መከራከሪያ ይመጣል፤ በአክብሮት ነው የማነሣው። «በጃንዋሪ 1962 ሀምቡርግን አይተው ተመልሰዋል፤ በሌሊት ለሰዓታት እየተጫወቱ ተፈትነዋል፤ ስለዚህ ዴካ ዘንድ የቀረቡት ተሠርተው ያለቁ ናቸው» ይላሉ። ሀምቡርግን ማቃለል አልፈልግም። ከኦገስት 1960 ጀምሮ በኢንድራ፣ በካይዘርኬለር፣ በቶፕ ተን ክበቦች ውስጥ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ተጫውተዋል። ሰካራም መርከበኛ ፊት፣ እንቅልፍ ሳይጠግቡ፣ ያላቸው ዘፈን አልቆ የማያውቁትን እየጨመሩ። መድረክ ላይ ማንም የማይችላቸው የሆኑት በዚያ ነው።

ግን መድረክና ስቱዲዮ ሁለት ሙያ ናቸው። መድረክ ላይ ስሕተት በጩኸቱ ውስጥ ይሰጥማል፤ ሕዝቡ ሲዘል አንተም ትዘላለህ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚዘል የለም። ማይክሮፎኑ ጣትህ ክሩ ላይ ስትንሸራተት ሳይቀር ይሰማል፤ ከመስታወቱ ወዲያ የማያውቅህ ሰው ተቀምጧል፤ ድራምህ ላላ ካለ የሚደብቅልህ የለም። ይህን ሙያ በጃንዋሪ 1962 አያውቁትም ነበር። በዲሴምበር 1962 በሀምቡርጉ ስታር ክለብ ውስጥ አንድ ሰው በቤት ቴፕ መቅጃ የቀረጻቸው፣ በ1977 የታተመው ድምፅ፣ ጥራቱ እጅግ ደካማ ሆኖ ሳለ ከዴካው ይልቅ ሕያው ነው። ዴካ ዕቃው ነበረው፤ እነርሱ ግን ያንን ሌሊት ይዘው አልገቡም።

የፒት ቤስት ጉዳይ የሚያናድደኝ ነው። ጸሐፊው ደካማውን ነገር ሁሉ ጠቅልለው በእርሱ ላይ ጭነውታል። በጁን 6 ቀን 1962 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ «ላቭ ሚ ዱ»ን ሲሞክሩ ድራሙ መሐል ላይ ድንገት ምቱን ቀይሮ ይሮጣል፤ ከዚያ እንደ መሰናከል ብሎ ይመለሳል፤ ይህን ማንም ሰው ይሰማዋል። ማርቲንም በድራሙ አልረካም፤ በኦገስት ቤስት ተሰናበተ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን የማካርትኒን ጉሮሮ ያነቀው ቤስት ነው? «ዘ ሺክ ኦቭ አረቢ»ን የመረጠው እርሱ ነው? ደግሞስ በሴፕቴምበር 4 ሪንጎ ስታር ተተክቶ ሲቀርጽ ስቱዲዮው በእርሱም አልረካም፤ በሴፕቴምበር 11 አንዲ ኋይት የሚባል ተቀጣሪ ድራመር ተጠርቶ ሪንጎ ማራካስና ታምቡሪን ይዞ ዳር ቆመ። በታሪክ ከታላላቅ ድራመሮች አንዱ የሚባለው ሪንጎ! መስፈርቱ ለሁሉም ከባድ ነበር። ሀምቡርግ ላይ ከእነርሱ ጋር የተራበውንና የተንገላታውን ሰው ብቻውን የጥፋት ሁሉ ማራገፊያ ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጸሐፊው «ታላቅነት ሲወለድ ሙሉ ሆኖ ይወለዳል» ብለው ጽፈዋል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ያለኝ ቅሬታ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ከዴካ እስከ መጀመሪያው አልበም ቀረጻ ድረስ ያሉት 13 ወራት ይህን ሐሳብ አንድ በአንድ ያፈርሱታልና።

«ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» የሚለውን ዘፈን እንይ። ሌኖን የጻፈው በአሜሪካዊው ድምፃዊ በሮይ ኦርቢሰን ስልት ነበር፤ ቀርፋፋ፣ የሚያንጎራጉር። በሴፕቴምበር 1962 ለማርቲን አሰሙት፤ ማርቲን ጎታታ ነው፣ አፍጥኑት አላቸው። የተሰጣቸውን ምክር ይዘው ሄዱ፤ ሠሩበት፤ በኖቬምበር 26 ተመልሰው በፍጥነት ተጫወቱት። ማርቲንም በሰንጠረዡ አንደኛ የሚወጣውን የመጀመሪያ ዘፈናችሁን አሁን ቀረጻችሁ አላቸው። ያ ዘፈን ሲወለድ ሙሉ አልነበረም። አንድ ሰው ደካማነቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ሳይቀየሙ አረሙት። እኔ ከተሰጥኦአቸው ይልቅ የማደንቀው ይህን ነው፤ በዴካ «አንፈልጋችሁም» የተባሉ ልጆች በዚያው ዓመት ሌላ ትችት ሲሰጣቸው ጆሮአቸውን አለመድፈናቸውን። ያው ማርቲን «ሃው ዱ ዩ ዱ ኢት» የሚል የሌላ ሰው ድርሰት ለሸክላ ሲያቀርብላቸው ደግሞ ቀረጹለት፤ ግን እንዲወጣ አልፈለጉም፤ የራሳችን ይውጣ ብለው ጸኑ። መቼ እሺ፣ መቼ እምቢ እንደሚባል ማወቅ በ15ቱ የዴካ ዘፈኖች ውስጥ አልነበረም። በጃንዋሪ ያቀረቡት የተመረጠላቸውን ነው።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 መጣ። ከጠዋት እስከ ምሽት በአቢ ሮድ ተቀምጠው በአንድ ቀን 10 ዘፈኖች ቀረጹ። ሌኖን ጉንፋን ይዞት ነበር። «ትዊስት ኤንድ ሻውት» ድምፁን እንደሚጨርሰው ስለታወቀ ለመጨረሻ ተተወ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ አልበሙ ላይ ገባ። ያን ጩኸት የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉሮሮው ሲቀደድ ይሰማል፤ ሪንጎ ከኋላ ይገፋዋል፤ ተቀባዮቹ አንድ በአንድ ድምፃቸውን እየደራረቡ ይወጣሉ። ይህ ሀምቡርግ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የገባ ሀምቡርግ። ለዚህ የደረሱት ከዴካ 13 ወር በኋላ ነው፤ በመካከሉ ወደ ሀምቡርግ ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ድራመር ቀይረዋል፤ ከማርቲን ጋር ተቀምጠው ተምረዋል።

የእህቴ ልጅ ጊታር ይጫወታል። ባለፈው ክረምት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ዘፈን ቀረጸ፤ ሲሰማው አፈረበት፤ አጠፋው። «ጋሼ፣ እኛ አይሆንልንም» አለኝ። የቢትልስን ትላልቅ አልበሞች አሳምሮ ያውቃል፤ ስለ ዴካም ያነበበው ያንኑ የተለመደውን፣ ድንቅ ሆነው ሳሉ ጆሮ የሌለው ሰው አሳለፋቸው የሚለውን ነው። እኔም አስቀምጬ ሁለቱን «ቲል ዜር ዎዝ ዩ» አሰማሁት፤ መጀመሪያ የዴካውን፣ ቀጥሎ የ1963ቱን። የመጀመሪያው ሲያልቅ «ይህ ራሱ ፖል ነው?» አለ። ነው አልኩት። ሁለተኛውን ሰማ። ዝም ብሎ ቆየና «እስቲ የመጀመሪያውን ድገምልኝ» አለኝ። በዚያ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሰማው።

ጸሐፊው በመጨረሻ ያቀረቡት ሐሳብ ቀረጻዎቹ ተጣርተው፣ ድራሙ እንኳ በሌላ ተተክቶ ይታተሙ የሚል ነው። እለምናቸዋለሁ፣ ይህን ሐሳብ ይተዉት። በ1995 «አንቶሎጂ» በሚለው ስብስብ ላይ ከዴካውና ከሀምቡርጉ የተመረጡ ቀረጻዎችና የ1958ቱ ሸክላ ሲወጡ ከነጉድለታቸው ወጡ፤ ፒት ቤስትም ከነድራሙ ወጣ፤ ከ30 ዓመት በላይ በኋላ ድርሻውን አገኘበት። የ1958ቱ ሸክላ ከመርፌው በታች እየተንሿሿ ነው የሚሄደው። ያ መንሿሿት ከሸክላው ዕድሜ የመጣ ነው። ሸክላው አንድ ብቻ ነበር። አምስቱ ልጆች ተራ ገብተው እየተቀባበሉ በየቤታቸው አስቀመጡት፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ሎው እጅ ሲደርስ ቆመ፤ ከ20 ዓመት በላይ እርሱ ዘንድ ቆይቶ በ1981 ማካርትኒ ገዛው።

ማካርትኒ ያን «ኢን ስፓይት ኦቭ ኦል ዘ ዴንጀር» በስተርጅናው በመድረኮቹ ላይ ይዘፍነዋል። ከመዝፈኑ በፊት የሸክላውን ታሪክ ይናገራል፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳምንት አስቀመጥነው፣ ሎው ግን ለ23 ዓመት ያዘው እያለ። ቅንብሩን አላሳመረውም፤ ኦርኬስትራ አልጨመረበትም። ጊታሩን ይዞ ይጀምራል፤ በ1958 ከሌኖን ጀርባ ሆነው ተቀባዮቹ ያሰሙት የነበረውን ድምፅ አሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይቀበለዋል።